ለቦንሳይ ምን አፈር ይሻላል? ገል፣ ሬድ አሽ፣ አሸዋ ወይስ የጫካ አፈር፤ ለጎንደር ሰው የተዘጋጀ ንጽጽር

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው። ሦስት ዓመት በሳህን ያሳደግኳት ወይራ ከጫፏ ጀምሮ መገርጣት ጀመረች። ውሃ ጠምቷት ይሆናል ብዬ ጨመርኩላት። በሳምንቱ ቅጠሏ ሲነኩት የሚረግፍ ሆነ። ከሳህኑ ሳወጣት አፈሩ እንደ ጭቃ ጡብ አንድ ላይ ተነስቶ መጣ። ሥሩ ጠቁሯል። በሁለት ጣቴ ይዤ ሳብ ሳደርገው ልጡ እንደ ካልሲ ወለቀ፣ ውስጡ ቀጭን ክር ብቻ ቀረ። ሽታው የከረመ ኩሬ ሽታ ነው።

የገደላት ጥም አልነበረም፣ ውሃ ነው። አፈሩ ከጓሮ የቆፈርኩት ቀይ አፈርና በደንብ የበሰለ ፍግ ነበር። ለጎመን ቢሆን አንደኛ ነው። ሦስት ጣት ጥልቀት ባለው ሳህን ውስጥ፣ በጎንደር ክረምት ግን መቃብር ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ቦንሳይ፣ ማለትም ዛፍን በጠፍጣፋ ሳህን ውስጥ አሳንሶ ማሳደግ፣ የጀመረ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ያንኑ ነው፦ «ምን አፈር ልጠቀም?» ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው መልስ የታወቀ ነው። አካዳማ የሚባለው የጃፓን አፈር፣ ፑሚስ የሚባለው ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ድንጋይና የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ እኩል በእኩል። መልሱ ስህተት የለበትም። ችግሩ አካዳማ ቅዳሜ ገበያ አይሸጥም። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ ሥራውን እንይ። አንድ ግብዓት ሳህን ውስጥ ምን ይሠራል? ያን ሥራ እዚህ የሚሠራልን ማነው?

መጀመሪያ መመዘኛው

አንድ ነገር በዓይናችሁ እዩ። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ውሃ ውስጥ ንከሩና በጠፍጣፋው ጎኑ ይዛችሁ አንሱት። ይንጠባጠባል፣ ይቆማል። አሁን ሳትጨምቁት በቁመቱ አቁሙት። እንደገና ውሃ ይወርዳል። ስፖንጁ ያው ነው፣ የተለወጠው ቁመቱ ብቻ ነው። የቦንሳይ ሳህን ጠፍጣፋው ስፖንጅ ነው። ማንኛውም አፈር ከታቹ ላይ የማይወርድ ውሃ ይዞ ይቀራል። ረጅም ማሰሮ ውስጥ ያ እርጥብ ክፍል ከታች ትንሽ ቦታ ነው። ሳህን ውስጥ ግን አጠቃላይ ሥሩ ያለበት ቦታ ሊሆን ይችላል። አፈሩ በደቀቀ ቁጥር ደግሞ ያ የተያዘ ውሃ ከፍ ይላል።

በዚህ ምክንያት ነው ከታች ጠጠር መደልደል የማይረዳው። ውሃው ጠጠሩ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ እርጥቡ ክፍል ወደ ላይ ይገፋል፣ ለሥሩ የቀረው ቦታ ይጠባል። ሁላችንም እናደርገው ነበር። ተዉት።

እንግዲህ ግብዓት ስንመርጥ የምናየው አምስት ነገር ነው፦

- አየር ያስገባል ወይ? ሥር ይተነፍሳል። ይህ የመጀመሪያውና ዋናው ነው።
- ውሃ በውስጡ ይይዛል ወይ? በቅንጣቶቹ መካከል ሳይሆን በራሱ ቀዳዳዎች ውስጥ።
- ምግብ ይይዛል ወይ? ማዳበሪያው በሚቀጥለው ውሃ ታጥቦ እንዳይሄድ።
- ቅርጹን ይዞ ስንት ጊዜ ይቆያል? የሚፈርስ ነገር በሁለተኛው ክረምት ጭቃ ነው።
- እዚህ ይገኛል ወይ? በምን ያህል ልፋትና ገንዘብ?

ጎንደር ስድስተኛውን ትጨምራለች። ዝናባችን አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ይወርዳል፣ ከዚያ ወራት ሙሉ ድርቅ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያለ ሰው ደግሞ በቀን ሁለቴ አጠጡ የሚለውን ምክር አንብቦ ነው የሚስቀው። ድብልቁ ሁለት ተቃራኒ ወቅቶችን መቻል አለበት።

ከግብዓቱ በፊት ወንፊቱ

ይህን ካላነሳሁ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ከግብዓቱ ዓይነት ይልቅ ከቅንጣቱ መጠን ነው። መለኪያውን ማንም ሰው ያውቀዋል። ማሽላና ምስር የሚያህለውን፣ ማለትም ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያለውን እንፈልጋለን። ግንዱ ለወፈረ ትልቅ ዛፍ እስከ ሽምብራ ድረስ ይሆናል። ጤፍና ዳጉሳ የሚያህለው ይወጣል፣ አቧራው ከነጭራሹ ይታጠባል።

ሁለት ወንፊት ያስፈልጋል። አንደኛው ግንበኞች አሸዋ የሚነፉበት ሰፋ ያለ ሽቦ ነው፣ ትልቁን ያስቀራል። ሁለተኛው ቀዳዳው 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ነው፣ ደቃቁን ያሳልፋል። መሐል ላይ የቀረው የእኛ ነው። አንድ ጆንያ ነፍታችሁ ግማሽ ጆንያ ብታገኙ አትደንግጡ፣ እኔ ከዚያም ያነሰ አግኝቼ አውቃለሁ።

ገል

የእኔ ምርጫ ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ልቆይ።

አካዳማ ጃፓን ውስጥ በካንቶ አካባቢ የሚወጣ የሸክላነት ባሕርይ ያለው የእሳተ ገሞራ አፈር ነው። የሚወደደው ውሃም ምግብም በውስጡ እየያዘ በቅንጣቶቹ መካከል አየር ስለሚተው ነው። ዘመዱን እዚህ ፈልግ ብባል የተሰበረ ጀበና አነሳለሁ። ሙሉ በሙሉ አይተካውም፣ ምግብ በመያዝ አካዳማ ይበልጠዋል። በሌላው ግን ይቀርበዋል፣ ዕድሜው ደግሞ ይረዝማል።

ከከተማው ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ወለቃ አለች። በቤተ እስራኤል የሸክላ ሥራ ስሟ የታወቀ መንደር ናት። ሸክላ በሚሠራበት ቦታ ሁሉ ሲተኮስ የሚሰነጠቅና የሚሰበር አይጠፋም። ጠይቃችሁ ውሰዱ፣ የሆነ ነገርም ግዙ። ራቅ ካለባችሁ ቤት ውስጥ ፈልጉ። የተሰነጠቀ ምጣድ የሌለው ጓሮ አላውቅም። ጋን በጠጠር ይደገፋል ይባላል፤ እዚህ ጋኑ ራሱ ጠጠር ይሆናል።

ሁሉም ገል ግን እኩል አይደለም። በገላጣ እሳት የሚተኮስ ሸክላ ሙቀቱ ሁሉም ጋር እኩል አይደርስም። በደንብ ያልበሰለው ውሃ ሲነካው ቀስ በቀስ ወደ ጭቃነት ይመለሳል። ሁለት ፈተና አለኝ። አንደኛ፣ ጥቂት ስባሪ በጣሳ ውሃ ውስጥ ለሁለት ቀን ነክሩና በጣታችሁ ፍጩት። ውሃው ከደፈረሰና ጠርዙ ከሟሟ ለሌላ ሥራ ይሁን። ሁለተኛ፣ የታጠበና የደረቀ ገል በምላሳችሁ ጫፍ ንኩ። የሚጣበቅ ከሆነ ውሃ የሚጠጣ ቀዳዳ አለው ማለት ነው። ሰው እያየ ባታደርጉት ይሻላል፣ እኔ ጎረቤት አይታኝ ለብዙ ቀን አብራራሁ።

ምጣድ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እንጀራ የሚጋገርበት ፊቱ በጎመን ዘርና በዘይት የታሸ ነው፣ ውሃ አይጠጣም። ከታችኛው ጎን የሚወጣው ስባሪ ይሻላል፣ ወይም ሁሉንም ቀላቅሎ መቻል ነው። ቀለም የተቀባና የሚያብረቀርቅ ዕቃም አይሆንም።

መስበሩ አድካሚ ነው። ገሉን ጆንያ ውስጥ ከታችሁ በመዶሻ ቀጥቅጡ፣ ዓይናችሁን ሸፍኑ፣ አቧራው ሳንባ ስለሚጎዳ ውሃ እያርከፈከፋችሁ ይሁን።

የግንባታ ጡብም የገል ወንድም ነው፣ በደንብ የበሰለው በጣም ጥሩ ነው። ሲሚንቶ ወይም ኖራ የነካውን ግን አትውሰዱ። ኖራ አፈሩን አልካሊ ያደርገዋል፣ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ምክንያቱን ስትፈልጉ ዓመት ያልፋል። ከፋሲል ግቢ አጥር ሥር የወደቀ ድንጋይ ለመውሰድ የምታስቡ ካላችሁ ደግሞ ለዛፋችሁም ለራሳችሁም ስትሉ ተዉት።

ሬድ አሽ

ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉት ቀይ፣ ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ጠጠር ነው። ዓለም ላይ ቦንሳይ የሚያሳድጉ ሰዎች ላቫ ብለው በትንሽ ከረጢት የሚገዙት ይህንኑ ነው። እኛ መንገድ ላይ እንደለድለዋለን። ከጣና በስተደቡብ እስከ እንጅባራ ድረስ ይህ ጠጠር የሚወጣባቸው ጉብታዎች ሞልተዋል። ጎንደር ውስጥ የግንባታ ቁሳቁስ የሚያመላልሱ ሾፌሮችን ጠይቁ። ጆንያ ብቻ ነው የምፈልገው ስትሏቸው መጀመሪያ ይስቃሉ።

ጠንካራ ነው፣ ለዓመታት አይፈርስም። አየር በመስጠት ከገል ይበልጣል። ውሃ በመያዝ ግን ያንሳል፣ ምግብም ብዙ አይዝም። ጠርዙ ሸካራ ስለሆነ ጥሩ ሥር ያስወጣል፣ ነፋስ ሲመጣም ዛፉን አጥብቆ ይይዛል። በደንብ ካልታጠበ ቀይ ዱቄቱ ታች ወርዶ ቀዳዳውን ይደፍናል። ውሃው እስኪጠራ እጠቡት፤ በእኔ ልምድ አራት አምስት ባልዲ ይፈልጋል። ቧንቧ በሚመጣበት ቀን የሚሠራ ሥራ ነው።

ፑሚስ

ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ነጭ ድንጋይ ነው። በጥራት ከሁሉም ይበልጣል ብል አልዋሸሁም። አየርም ውሃም ይዞ ይቆያል፣ አይከብድም። አገራችን ውስጥ በስምጥ ሸለቆ፣ በአዳማና በዝዋይ በኩል አለ፣ ብሎኬት አምራቾችም ይጠቀሙበታል። ጎንደር ግን ከአዲስ አበባ ብቻ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ዘመድ በመኪና ሲመጣ አንድ ጆንያ ማስጫን የሚችል ያስጭን። ሌላው ሰው ባያገኘው ምንም አይጎድልበትም።

አሸዋና ጠጠር

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አሸዋ ነው፣ እኔም አስቤ ነበር። የወንዝ አሸዋ በአብዛኛው ደቃቅ ነው፣ ደለልም አለበት። ቅንጣቱ ውሃ አይጠጣም፣ በመካከሉ ያለውን ክፍተት ደግሞ ራሱ ይዘጋዋል። ከጭቃ አፈር ጋር ሲቀላቀል ይባስ ይጠጥራል። ታጥቦና ተነፍቶ ምስር የሚያህለው ብቻ ከቀረ ይሠራል፣ ግን ከባድ ነው። የኮንስትራክሽን ጥቁር ጠጠርም እንደዚያው። ለክብደት ካልሆነ ለሌላ አልመክረውም።

የጓሮ፣ የጫካና የመረሬ አፈር

መረሬውን አንርሳ። ክረምት ላይ ጫማ የሚያስቀር፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍት አፈር ነው። ሳህን ውስጥ ይህ ስንጥቅ ሥር ይበጥሳል። አይሆንም።

የጫካ አፈር ግን እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። ጥቁር ነው፣ ይሸታል፣ እጅ ላይ ይፈርሳል፣ ዛፉም በመጀመሪያው በጋ ያምርበታል። ከዚያ ቅጠላ ቅጠሉ በስብሶ ሲያልቅ ደቅቆ ይጠቀጠቃል። ከአምስት እጅ አንድ እጅ በላይ አትጨምሩ፣ እሱንም ንፉት። ከቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ደግሞ አፈርም ዛፍም አይነሳም፣ ይህን ለጎንደር ሰው መንገር አያስፈልገኝም።

ከሰል፣ የሩዝ ገለባ፣ የቡና አተላ

ከሰል ሻጮች ጆንያው ሥር የሚቀረውን ድቃቂ በነጻ ይሰጣሉ። ቀላል ነው፣ ቀዳዳ አለው፣ አይበሰብስም። አመዱን እጠቡት፣ ከአሥር እጅ አንድ እጅ ይበቃል። ተአምር አትጠብቁበት።

የሩዝ ገለባ የብዙ ሰው ዓይን ያልገባበት ነው። ፎገራ ሩዝ አምራች ነው፣ ወረታ መፈልፈያ አለ፣ ገለባው ይትረፈረፋል። ጥሬውን ከቀላቀላችሁ የቀረችው ሩዝ ትበቅላለች፣ ገለባው ሲበሰብስም ከዛፉ ናይትሮጅን ይሻማል። ስለዚህ ወደ አመድ ሳይሆን ወደ ጥቁርነት አቃጥሉት፣ ሲጠቁር ወዲያው ውሃ ድፉበት። የጠቆረው ገለባ ቀላል ነው፣ ውሃ ይይዛል፣ ቶሎም አይበሰብስም። የበጋውን ጥም የሚያስታግስ ነገር ለሚፈልግ ከጫካ አፈር እመርጠዋለሁ።

የቡና አተላ ሳህን ላይ አይደፋ። ይጋገራል፣ ይሻግታል። ወደ ኮምፖስት ይሂድ።

ባጭሩ

| ግብዓት | አየር | ውሃ መያዝ | ምግብ መያዝ | ዕድሜ | ጎንደር ላይ ማግኘት |
|---|---|---|---|---|---|
| የሸክላ ገል | ጥሩ | ጥሩ | መካከለኛ | በደንብ ከበሰለ ረጅም | ነጻ ማለት ይቻላል፣ ጉልበት ይጠይቃል |
| የጡብ ስባሪ | ጥሩ | ጥሩ | መካከለኛ | ረጅም | ቀላል፣ ሲሚንቶና ኖራ ይታይ |
| ሬድ አሽ | በጣም ጥሩ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | በጣም ረጅም | በሾፌሮች በኩል፣ ርካሽ |
| ፑሚስ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | ዝቅተኛ | ረጅም | ከሩቅ ይጫናል |
| አካዳማ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | ጥቂት ዓመት፣ ይፈርሳል | ከውጭ፣ ውድ |
| የወንዝ አሸዋ | ደካማ፣ ከተነፋ መካከለኛ | ዝቅተኛ | የለም | ረጅም | ቀላል |
| የጠቆረ የሩዝ ገለባ | መካከለኛ | ጥሩ | መካከለኛ | መካከለኛ | ከወረታ፣ ርካሽ |
| የጫካ አፈር | መጀመሪያ ጥሩ፣ ኋላ ደካማ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | አጭር | ቀላል |
| መረሬ | የለም | ከልክ በላይ | በጣም ጥሩ | አይመለከተውም | በእግራችሁ ሥር |

ለማን የትኛው?

ብር ማውጣት ለማይፈልግ ጀማሪ፦ ስድስት እጅ ገል ወይም ጡብ፣ አንድ እጅ ከሰል፣ አንድ እጅ የተነፋ የበሰለ ኮምፖስት። ወጪው ወንፊት ብቻ ነው። ለብዙ ዛፍ ይሆናል።

ጠዋት ወጥቶ ማታ ለሚገባና ውሃ በፈረቃ ለሚደርሰው፦ አምስት እጅ ገል፣ ሁለት እጅ ሬድ አሽ፣ ሁለት እጅ የጠቆረ የሩዝ ገለባ። ጥልቀቱ ከፍ ያለ ሳህን ምረጡ። የላዩን ፊት በቀጭን የድንጋይ ሽበት ሸፍኑት፣ ቶሎ እንዳይደርቅ። ክረምት ላይ የካብ ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴውን ማለቴ ነው።

ሮቶ ያለውና ቤት የሚውል ሰው፦ ሬድ አሽና ገል እኩል በእኩል፣ ሌላ ምንም። ከሁሉም ጤነኛው ድብልቅ ይህ ነው፣ ግን ምግብ በራሱ የለውም። በዕድገት ወቅት በየሁለት ሳምንቱ የቀጠነ ማዳበሪያ ይፈልጋል። ዩሪያ በእፍኝ የሚበትን ሥሩን ያቃጥላል።

የዛፉም ዓይነት ይታይ። ጽድና ግራር እግራቸው ሲረጥብ ይጠላሉ፣ ሬድ አሹን ከፍ አድርጉላቸው። ወይራ መካከለኛ ነው። ዋርካና ሾላ እርጥበት ይችላሉ፣ ግን እነሱም አየር ይፈልጋሉ። ፋሲል መዋኛ ሄዳችሁ የድንጋዩን አጥር የተጠመጠሙበትን ሥሮች አይታችሁ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል። እዚያ ሥሩ የሚኖረው በአየርና በድንጋይ መካከል ነው፣ ጭቃ ውስጥ አይደለም። አዲስ ከመሬት የተነቀለ ዛፍ ምንም ይሁን ምን አዲስ ሥር እስኪያወጣ በሬድ አሽ ወይም በፑሚስ ብቻ ይቆይ፣ ጥላ ሥር።

ከመትከላችሁ በፊት ፈትኑት

ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ቂጡን ቁረጡና ክዳኑ እንደተዘጋ ዘቅዝቁት። አፉ ላይ የሻሽ ቁራጭ አድርጉ። ቀድሞ የረጠበ ድብልቅ አንድ ሊትር ሙሉበት። ፊቱ እስኪያብረቀርቅ ውሃ ጨምሩ፣ ትንሽ ጠብቁና ጉድለቱን ሙሉ። አሁን ከሥሩ መለኪያ አድርጋችሁ ክዳኑን ክፈቱ። የወረደው ውሃ የነበረበት ቦታ አሁን የአየር ነው። ከ200 ሚሊ ሊትር በታች ከወረደ ወደ ወንፊቱ ተመለሱ። ጠርሙሱ ከሳህን ይረዝማል፣ ስለዚህ ሳህን ውስጥ የሚኖረው አየር ከዚህም ያንሳል። የእኔ የሞተችው ወይራ አፈር በዚሁ ጠርሙስ ሲፈተን ሁለት የሾርባ ማንኪያ የምታህል ውሃ አወረደ።

እኔ ሳህን የምቀይረው ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው፣ ዝናቡ ሳይጠና። በመጀመሪያው ወር ከጣራ ሥር አቆያቸዋለሁ። ከወንፊቱ ሥር የተጠራቀመውን የገል ዱቄት ጎመኑ መደብ ላይ እደፋዋለሁ። ያ ቀይ አፈርና ፍግም አሁን እዚያው ነው ያለው።